የባዮስ ለቅሶ

ጉረኛ ሰው ቢያንስ አንድ የሚጎርርበት ነገር አያጣም፤ እኔ የምጎርረው በስም ነው። ሞላሌ ገበያው ዳር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፤ መኖሪያችንም ከጓሮዋ ነው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፣ የሠርግ ጥሪ አትማለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት የሰው ስም ተሳስቼ አላውቅም። ዐይኑን «ዐ» ከአልፋው «አ»፣ ንጉሡን «ሠ» ከእሳቱ «ሰ» ለይቼ ነው የምጽፈው። አንድ ሽማግሌ ስማቸውን ሳርምላቸው ዕንባቸው መጣ። «ሰባ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ስም ይዤ ስዞር ኖርኩ ነው የምትለኝ?» አሉ። የደስታ ዕንባ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚያስጽፉት ከፊት ለፊቴ ካለው ቤት ነው።

እንግዲህ ይኸው የስም ሊቅ በአንዲት ፋይል ስም የተነሣ ግማሽ ሞላሌን ለቅሶ አስቀመጠ። ማን ሞቶ? ማንም። ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

መሐል ሜዳ ዘጠነኛ ክፍል ስንማር ግጨው የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ ዛሬም አለኝ። አባቱ ግጨው ያሉት ጠላቱን የሚገጭ ጀግና እንዲሆንላቸው ነው። እሱ ግን አድጎ ሹፌር ሆነ። ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ ሚኒባስ ይነዳል። ቁልቁለት ላይ ረዳቱ «ግጨው! ኧረ ግጨው!» ብሎ በጠራው ቁጥር ተሳፋሪው የፊቱን ወንበር ጨብጦ አቡነ ዘበሰማያት ይጀምራል።

ያኔ በጓሳ ሣር የተከደነች አንዲት ጌም ቤት ነበረች። ከትምህርት ቤት ስንወጣ እሷ ውስጥ ገብተን ከቴሌቪዥን ጋር በተያያዘ ማሽን ኳስ እንጫወታለን። አንድ ቀን ነገር ከረረና ተማማልን፦ የተሸነፈ የበኩር ልጁን በአሸናፊው ስም ይጥራ፤ ይህን ያፈረሰ ማተቡን የበጠሰ ይሁን። በአሥራ አምስት ዓመት ልጅ መውለድ እንደ መሞት ሩቅ ነገር ነው፤ ሰው በቀላሉ ይምልበታል። ሁለት ለሁለት ሆነን፣ አንድ ደቂቃ ቀርቶ፣ ሪጎሬ አገኘሁ። ኳሷን አስቀመጥኩ። መብራት ጠፋ።

ሲመጣም ከነኃይሉ መጥቶ ማሽኑን አቃጠለው፤ ጌም ቤቷም የገብስ መጋዘን ሆነች። ሪጎሬዬ አሥራ ስድስት ዓመት ሳትመታ ቀረች። እኔ «አገባት ነበር» እላለሁ፣ እሱ «ትስታት ነበር» ይላል። በየበዓሉ፣ በየሠርጉ፣ አንዴም በሰው ተዝካር ላይ ተጨቃጭቀናል።

ዘንድሮ ባለቤቴ የሺ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ አርባ ቀን ሊሞላው ሲቃረብ ግጨው ደወለ። «እንኳን ማርያም ማረቻት!» አለና ትንፋሹን ሳይሰበስብ «ማተብህን ታስበዋለህ?» አለኝ።

«አስበዋለሁ።»

«ቅዳሜ ክርስትናው ነው፤ ክርስትና አባቱ እኔ ነኝ፤ ዓርብ ከቀትር በኋላ እመጣለሁ። ማሽን አዘጋጅተህ ጠብቀኝ። ካላዘጋጀህ ፎርፌ ነው።»

«ማሽን ድሮ ቀረ» አልኩት። «በላፕቶፕ አጫውትሃለሁ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።»

ይህችን አምስት ደቂቃ ልብ በሉልኝ።

የሺ ነገሩን ስትሰማ አልጋው ላይ ተነሥታ ተቀመጠች። «ልጄ ግጨው ሊባል? ነገ ትምህርት ቤት መምህሩ ‹ግጨው!› ብሎ ሲጠራው አጠገቡ ያለው ልጅ ትእዛዝ መስሎት ቢገጨውስ?» አለች። እውነቷን ነው፤ እኔም አስቤው አላውቅም ነበር። «ከተሸነፍክ ልጄን አቅፌ ዘመሮ ሄጄ እናቴ ቤት ነኝ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከማተቤ ጋር እንዳልጣላ ማሸነፍ አለብኝ፤ ለማሸነፍ ደግሞ መጀመሪያ መጫወት አለብኝ።

ረቡዕ ኢሙሌተር የሚሉትን ፕሮግራም ጫንኩ። ኢሙሌተር ማለት ላፕቶፑ ያንን የድሮ ማሽን መስሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ነው። ለየሺ ባጭሩ «አስመሳይ ጫንኩ» አልኳት። «እዚህ ቤት አንድ አልበቃ ብሎ ነው?» አለች።

አስመሳዩ ተከፈተ። ጌሙን ስነካው ጥቁር ሆነና በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጻፈ፦ ባዮስ አልተገኘም። ደግሜ ነካሁት፤ አልተገኘም። አጥፍቼ አበራሁት፣ መዳፌን እላዩ ላይ ጭኜ ጸለይኩ፤ አልተገኘም። ባዮስ ማለት ማሽኑ ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚነቃ ትንሽ ፋይል ነው አሉ፤ እሱ ካልነቃ ሌላው አይነቃም። ይህ መመሪያው ላይ ተጽፏል። እኔ ግን ለሰው መመሪያ ስጽፍ ስለምውል የሰው መመሪያ አላነብም።

ሐሙስ ዕለት ደብረ ብርሃን ኮምፒዩተር የሚጠግነውን የአጎቴን ልጅ ሰለሞንን በስልክ ላገኝ ወጣሁ። ከሱቄ ውስጥ ስልክ የሚይዘው ክፉ ወሬ ሲሆን ብቻ ነው። ለደኅና ነገር ከከተማው በላይ ያለው ትልቅ ድንጋይ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ወጣሁ። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ጮኬ ነው የማወራው።

«ባዮስ የለም! … ጠፋ ነው የምልህ! … ያለ እሱማ ምን አለ፣ ጨለማ ነው! … አይነሣም፣ ሞቷል! … በእናትህ ሰለሞን፣ ካንተ ወዲያ ማን አለኝ!»

ሰለሞን እሱም ቤት ያው የድሮ ማሽን ስላለ ፋይሉን ከዚያ ቀድቶ እንደሚልክልኝ ነገረኝ። የትኛው ፎልደር ውስጥ እንደማስገባው ስጠይቀው አልሰማኝም። ሦስት ጊዜ «ፎልደር» ብዬ ሲያቅተኝ «ሳጥን! የቱ ሳጥን ውስጥ ነው የማስገባው?» ብዬ ጮኽኩ።

ስወርድ ጎረቤቴን እትዬ ሸዋዬን ከድንጋዩ ሥር አገኘኋቸው። ከወፍጮ ሲመለሱ ቆመው ኖሯል። ዱቄታቸውን መሬት አስቀምጠው በነጠላቸው ዐይናቸውን ይጠራርጋሉ። ነፋሱ ነው ብዬ እጅ ነሥቼ አለፍኩ።

አሁን እናንተ አገራችንን እወቁልኝ። መርዶ ማለዳ ነው የሚረዳ፤ ያለ ሰዓቱ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ አይጠይቅም። ለአራስ ደግሞ ጨርሶ አይነገርም፤ ከደነገጠች ወተቷ ይደርቃል። እትዬ ሸዋዬ ይህን ሁሉ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስለዚህ ለእኔም ለየሺም አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ቀጥታ ወደ እድራችን ዳኛ ወደ ጋሽ ደምሴ ሄዱ።

ዓርብ ጠዋት ፋይሉ ዚፕ በሚሉት ማሸጊያ ታሽጎ መጥቶልኝ ሱቄ ውስጥ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሴን፣ ባናዬን፣ ተከናንቤ እታገላለሁ። ከውጭ ችካል ሲመታ ሰማሁ። በበሩ ስንጥቅ ባይ የእድሩ ድንኳን ነው። ለነገው ክርስትና አስበውልኝ ነው ብዬ ልቤ ተነካ። ሳልጠይቃቸው! ሰው ጥሩ ነው እኮ አልኩ።

ጋሽ ደምሴ ገቡ። ቆባቸውን አውልቀው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«በርታ እንግዲህ» አሉኝ።

«እየታገልኩ ነው ጋሼ።»

«ሸዋዬ ነገረችኝ። እኔ መቼም ባዮስን አላውቀውም። ምንህ ነው?»

በዚህ ዕድሜያቸው ስለ ኮምፒዩተር መጠየቃቸው ደስ አለኝ። «ዋናው እሱ ነው ጋሼ። ሌላው ሁሉ የሚነሣው በእሱ ነው።»

«የቤቱ ምሰሶ በለኛ። ዕድሜውስ?»

«የዘጠና አራት ነው» አልኳቸው። ማሽኑ በፈረንጅ ዘጠና አራት የወጣ ነው።

«ዘጠና አራት! ተመስገን በል፤ ዕድሜ ጠግቧል። አገሩ የት ነው?»

«የጃፓን አለ፣ የአሜሪካ አለ። ለእኔ የሚሆነኝ ግን የአውሮፓው ነው።»

ጋሽ ደምሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዘመዶችህ እንዲህ መበተናቸውን አላውቅም ነበር። በምን መጣ ታዲያ?»

«በቴሌግራም። ግን ታሽጎ ነው የመጣው፤ አሁን ገና ፈታሁት።»

ከበርጩማው ተነሡ። «ፈታሁት? ታሽጎ ከሰው አገር የመጣውን ከፈትከው?»

«ካልተከፈተማ እንዴት ይነሣል ጋሼ?»

አማተቡ። ሁለቴ አማተቡ። ቆባቸውን ሳያነሡ ወጡ። ለቴክኖሎጂ ገና ናቸው ብዬ አዘንኩላቸው፤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሰለሞን ያለኝ ሳጥን ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ በዐይኔ እያየሁት «አልተገኘም» ይለኛል። ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። ግጨው ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማ በርን ሳያልፍ አይቀርም።

ቀጥሎ መምሬ ጥበቡ ገቡ፤ ነገ ልጄን የሚያጠምቁልኝ ቄስ ናቸው። መስቀል ተሳለምኩ። ጋሽ ደምሴ አእምሮዬን እንደ ነካኝ ነግረዋቸው ኖሮ ቀስ ብለው ነው የሚያናግሩኝ።

«ልጄ፣ የዚህ የባዮስ ክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«ክርስትና ስም የለውም አባቴ። ሰለሞን የጻፈበት ‹ባዮስ አደራ ለወንድሜ› ብሎ ነው። ከኋላው በቅንፍ አንድ አለች።»

«በቅንፍ አንድ?»

«ቴሌግራም ነው የጨመረባት።»

መምሬ ይህን ጥቂት ካሰቡበት በኋላ «በዚያ አገር ለሰው ቁጥር ይሰጣሉ አሉ» ብለው ተከዙ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «ስማኝ ልጄ። ባዮስ የዓለም ስሙ ነው። በዓለም ስሙ ስትጠራው ብትውል መዝገብ ላይ የለምና ‹አልተገኘም› ነው መልሱ። ደጋግመህ ብትጠራውም ‹አልተገኘም›። በተጠመቀበት ስሙ ስትጠራው ነው የሚነሣው።»

ጣቴ ፊደሉ ላይ እንደ ተሰነቀረ ቀረ። አልተገኘም! መመሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ቁጭ ብሏል፦ ፋይሉ የራሱ ቁርጥ ያለ ስም አለው፤ አራት ፊደልና አራት ቁጥር፣ ፊደሎቹ ሁሉ ትንንሽ፤ ፕሮግራሙ የሚጠራው በዚያ ብቻ ነው። ሌላ ስም ከያዘ አጠገቡ ቢቆምም አያውቀውም። እኔ፣ በ«ዐ» እና በ«አ» ሽማግሌ ያስለቀስኩ ሰውዬ፣ ከማለዳ ጀምሮ በዓለም ስሙ ስጠራው ኖርኩ! «አደራ ለወንድሜ»ን ሰረዝኩ፣ ቅንፏን ሰረዝኩ፣ ክርስትና ስሙን በጥንቃቄ ጻፍኩለት። ነካሁት።

ያ የድሮ ድምፅ መጣ። የጌም ቤቷ ድምፅ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ያልሰማሁት። እውነቴን ነው፣ ዕንባዬ መጣ። የመምሬን ጉልበት ሳምኩና ባናዬን እንደ ተከናነብኩ በሩን በርግጄ ወጣሁ።

«ተነሣ!» አልኩ። «ባዮስ ተነሣ!»

ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ንፍሮ ይዞራል፤ እትዬ ሸዋዬ ከመካከል ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አራሷ እንዳትሰማ፣ ሙሾ ያወርዳሉ፦

ዘጠና አራት ዓመት ኖሮ በሰው አገር፣
ታሽጎ መጣልን ሳንሰማው ሲናገር።

የእኔን ቃል ሲሰሙ ንፍሮው ወደቀ። ግማሹ እልል አለ፣ ግማሹ ኡኡ አለ፣ አንድ ሰውዬ በድንኳኑ ሥር ሾልኮ ሄደ፤ እስከ ማታም አልተመለሰ። እትዬ ሸዋዬ «እግዚኦ!» ብለው ባሉበት ቁጭ አሉ። እኔ ዙሪያዬን አየሁ። ነጠላውን አየሁ፣ ንፍሮውን አየሁ፣ ሙሾው አሁን ነው ጆሮዬ የደረሰ። ሞላሌ ላይ ያን ያህል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ የተመኘሁበት ቀን የለም።

እየተንተባተብኩ አስረዳኋቸው። ጋሽ ደምሴ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«እንግዲያ የሞተ ሰው የለም?»

«የለም ጋሼ።»

«ባዮስ የሚባልም የለም?»

«አለ፤ ግን ሰው አይደለም።»

«ሁለት ቁና ባቄላና ስንዴ ተቀቅሏል!» አሉ። ሰዉ አጉረመረመ። ያን ጊዜ ሊገርፉኝ ቢወስኑ አልከራከርም ነበር። እሳቸው ግን አስበው አስበው «ድንኳን ከተተከለ ንፍሮው ሳያልቅ አይነቀልም። ያለቀስንለትን ሰው ፊቱን ሳናይ ደግሞ አንሄድም። አውጣው!» አሉ።

ላፕቶፑን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አደረግሁ። ባትሪው ከሞተ ስለ ቆየ ገመዱን ከሱቄ ሳብኩ። በዚያው ቅጽበት ሚኒባስ መጥታ ሲጥ ብላ ቆመች። ግጨው ደጄ ላይ የለቅሶ ድንኳን አይቶ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን እየመታ ገባ። ፊት ለፊት ተገናኘን። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«አለህ እንዴ?»

«አለሁ።»

ዕንባውን በእጅጌው ጠረገ። «እንግዲያ ፎርፌ የለም፤ ተቀመጥ።»

ተቀመጥን። መምሬ «የትኞቹ ናቸው የእኛ?» አሉ። «ነጮቹ የእኔ ናቸው፤ ቀዮቹ የእሱ» አልኳቸው። «ሁለቱንም ይርዳቸው» አሉ። ጎል በገባ ቁጥር ንፍሮ ወደ ላይ ይበተናል። እኔ አገባሁ፤ እሱ አገባ። እሱ አገባ፤ እኔ አገባሁ። ጩኸቱ ቢበዛ የሺ ልጁን በባና ጠቅልላ አቅፋ ከጓሮ ወጣች። ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆማ ታየኛለች።

ሁለት ለሁለት። አንድ ደቂቃ ቀረ። ሪጎሬ፤ ለእኔ።

ኳሷን አስቀመጥኩ። አሥራ ስድስት ዓመት «አገባት ነበር» ያልኩባት ይቺው ናት። በሕይወቴ መብራት እንዲጠፋ የጸለይኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በሌላው ቀን ያለ ልመና የሚጠፋው መብራት ያን ዕለት ቦግ ብሎ በራ። መታሁ። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ አልፋ ጓሳ ተራራ ድረስ ሄደች። በረኛው አንሥቶ ሰደዳት፣ አንዱ ቀይ ተቀበለ፣ ሌላው ቀይ አገባ። ሦስት ለሁለት። አለቀ።

ግጨው ዘለለ። ጋሽ ደምሴን አቅፎ ዘለለ። የሺ «ጓዜን ልጠቅልል» አለች ቀስ ብላ። እኔ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። አፈርኩ፤ በኳሷ ሳይሆን በልጄ ስም በመማሌ አፈርኩ።

ግጨው መዝለሉን አቆመ። «የት ነው የምትሄጂው? ቁጭ በይ የሺ። እኔ ይህን ስም ለጠላቴም አልመኘው! ባለፈው አንዲት እናት ረዳቴ ሲጠራኝ ሰምታ ከነዶሮዋ ጣርማ በር ላይ ወርዳለች።»

«ታዲያ አሥራ ስድስት ዓመት የጨቀጨቅከኝ ለምንድን ነው?» አልኩት።

«እንደምትስታት እንድታምን ነዋ!» አለ። ከዚያ አንገቱን ሲነካ ጣቱ ማተቡ ላይ አረፈ። «ግን ምለናል።»

በማተብ የሚቀልድ የለም። መምሬ ጥበቡ ጢማቸውን እየዳሰሱ «መሐላው ምን ይላል?» አሉ።

«በአሸናፊው ስም ይጥራ ነው የሚለው አባቴ።»

«በየትኛው ስሙ?»

በአንድ ቀን ሁለቴ ያው ትምህርት ያስፈልገኛል ማለት ነው። የሺ ግን ከእኔ ቀድማ ገባት፤ «በክርስትና ስሙ!» ብላ ጮኸች። ግጨው ክርስትና ስሙን አያውቀውም። ድንኳኑ በሙሉ፣ መምሬም ጭምር፣ ወደ ድንጋዩ ተጓዘ። ግጨው ድንጋዩ ላይ ወጥቶ እናቱ ጋ ደወለ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተው።

«እማዬ፣ ክርስትና ስሜ ማን ነው?»

«ወይኔ ልጄን! ተጋጨህ?»

«ኧረ ደኅና ነኝ!»

«ደኅና ሰው ክርስትና ስሙን ምን ያደርግለታል? ወይኔ ብቻዬን ቀረሁ!» አንድ ሌላ ለቅሶ ሊጀመር ነው። ግጨው ስንት ጊዜ ምሎ ተገዝቶ አረጋጋቸው። «በስልክ አልናገርም» አሉ ደግሞ፤ «ድግምተኛ ይሰማል። አጠገብህ ማን አለ?»

ግጨው ወደ ታች አየን። ከመቶ የማያንስ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። «ማንም የለም እማዬ።»

እናት አንሾካሾኩ፤ ኔትወርኩ ደግሞ እንደ ልማዱ ከመካከል በላው። «ባ… ዮስ» አለ ስልኩ።

እትዬ ሸዋዬ ከኋላዬ ጮኹና ክንዴን ይዘው ተዝለፈለፉ።

«ደግመሽ በዪው እማዬ!»

«ባስልዮስ! ባስልዮስ ነው የምልህ፤ አታስለፍልፈኝ!»

የሺ ልጁን አየችው። «ባስልዮስ» አለችው፤ ደግማ «ባስልዮስ» አለችው፤ ሳቀች። ከወለደች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየሁም። ግጨው ከድንጋዩ ላይ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ አፍንጫውን ይጠራርጋል። ጋሽ ደምሴ «ንፍሮው በከንቱ አልተቀቀለም» ብለው ሰዉን ወደ ድንኳኑ መለሱት፤ በማግሥቱም ክርስትናው እዚያው ድንኳን ውስጥ ተበላ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የልጄን ቅጽ የሞላሁት እኔው ነኝ፤ በእሳቱ «ስ»፣ ሳልሳሳት። ማን ሊሰማኝ? ባስልዮስ ለአገሩ ረዘመበትና ሞላሌ በሙሉ ባዮስ ይለዋል። ማለዳ ማለዳ ዐይኑን ሲገልጥ የሺ ከጓዳ «ባዮስ ተነሣ!» ትለኛለች፤ እኔም ላቅፈው እሮጣለሁ። እትዬ ሸዋዬ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ቃል ከአጥር ማዶ በሰሙ ቁጥር ያማትባሉ።